ዋጋ ስትቆርጡ የማይነገራችሁ

ላሊበላ ከበቅሎ ሳቢዎች ጋር ውዬ አድሬያለሁና አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። እግራቸው የማይታዘዝላቸውን አባት ወይም እናት ይዛችሁ ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ልትወጡ ስትሰናዱ ሁሉም የሚያወራላችሁ ስለ በቅሎዋ ነው። ሰጋር ናት፣ አትደነብርም፣ ሕፃን ልጅ ይቀመጥባታል ይሏችኋል። ውሸት የለውም። ጉዳዩ ግን ያለው ሁለተኛው ሰው ላይ ነው።

አንዱ ሳቢ ልጓሙን ይዞ ከፊት ይሄዳል። የተቀመጠው ሰው ወገቡ የማይጸና፣ አንድ እጁ የማይሠራ ወይም ዓይነ ስውር ከሆነ፣ በገደሉ በኩል ጭኑን ደግፎ የሚራመድ ሌላ ሰው ግድ ነው። ዋጋ ሲቆረጥ ታዲያ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው። «አንድ ሰው ይበቃናል» ይላሉ፤ ሳቢውም ሥራው እንዳያመልጠው ዝም ይላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ከገባ ወዲህ እንግዳ ስለተመናመነ ዝምታው ብሷል።

በቅሎዋን ስትመርጡ ኮርቻው ሳይጫን ጀርባዋን እዩ። ገጣባ ካለባት፣ የቱንም ያህል ገራም ብትሆን፣ ዳገቱ ላይ ሕመሟ ሲነሳባት ትቁነጠነጣለች።

ሥራውን የሚያውቅ ሳቢ ሰው ከመሬት ወደ ላይ አያነሳም። በቅሎዋን ከካብ ሥር ያስጠጋል፤ አባትየውን ካቡ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ የሚቀረው እግራቸውን ማሻገር ነው። «አባቴ፣ ጋማዋን ይያዙ፤ እኔን አይያዙኝ» ይላቸዋል። እሱን የያዘ ሰው ይዞት ይወድቃላ! የማይታዘዝ እግር ከእርካብ ጋር አይታሰርም፤ በቅሎዋ ብትደነግጥ ሰውየውን እየጎተተች ትሄዳለች። ጥቂት እንደሄዱ ቆም ብሎ የኮርቻውን ጠፍር እንደገና ያጠብቃል፤ በቅሎ ስትጫን ሆዷን ትነፋለች፣ ኋላ ጠፍሩ ይላላል። ይህን ሳያደርግ የሚነዳ ካያችሁ አስቁሙት።

በሌላው ዓለም ለአካል ጉዳተኞች የፈረስ ግልቢያ በሚሰጥባቸው ማዕከላትም አሠራሩ ይኸው ነው፤ አንድ ሳቢ ከፊት፣ ደጋፊ ከጎን። የሚፈለገው የእንስሳው እርምጃ ነው፤ የጋላቢውን ዳሌ ልክ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው ያንቀሳቅሰዋል። ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ካደረጋት በኋላ፣ ፈረሷ ላይ ሰው እያወጣትና እያወረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች፤ ከአራት ዓመት በኋላም ደግማዋለች። የላሊበላ ልጆች ስሟን ላይሰሙ ይችላሉ፤ ሥራውን ግን ማንም ሳያሠለጥናቸው ይሠሩታል።

ዳገቱን አትፍሩት፤ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ጤነኛ ሰው ቁልቁለት ሲመጣ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ መውረድ የማይችለው ኮርቻው ላይ ይቀራል። በቅሎዋ አፍንጫዋን ስትደፋ ከኋላ ወገቡን ይዞ ወደኋላ የሚያስተኛው ሰው ከሌለ አንገቷ ላይ ይደፋል። ያ «ይበቃናል» ተብሎ የተቀነሰው ልጅ የሚፈለገው እዚህ ነው።

ደግሞ በቅሎዋ አሸተን ደጃፍ ድረስ አታደርስም። መጨረሻው ጠባብ የአለት መተላለፊያ ስለሆነ እዚያ ያለው ምርጫ መታዘል ብቻ ነው፤ ማን እንደሚያዝል ከታች ተነጋገሩ። ከተማው ውስጥ ያሉት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትም ደረጃና ጉድባ ይበዛቸዋል። ቤተ ጊዮርጊስን ግን ከአለቱ አፋፍ ሆኖ መሳለም ይቻላል፤ ጣሪያው ላይ የተቀረጸው መስቀል ደኅና የሚታየውም ከዚያ ነው። እናታችሁን «ካልወረድሽ አልተሳለምሽም» ብላችሁ አታስጨንቋት።

ለታኅሣሥ 29፣ ለልደት ከሆነ የምትመጡት፣ በቅሎና ሰው ቀድማችሁ ያዙ። ክፍያውንም ለሁለቱ ለየብቻ በእጃቸው ስጡ። ጠቅላላውን ለባለ በቅሎው ከሰጣችሁ፣ በጎን ሲደግፍ የዋለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የሻይ ነው።