እንደገና ልፈተን ወይስ ይቅር? የሰሊጥ አጨዳና የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚገናኙበት ወቅት

በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ በአብርሃ ጅራ ዙሪያ መስከረም ፋታ የማይሰጥ ወር ነው። ሰሊጡ ቅጠሉን ማርገፍና ወደ ቢጫነት መቀየር ይጀምራል። አጨዳው በጥቂት ቀናት ከዘገየ የፍሬው መያዣ ይሰነጠቅና የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። አርሶ አደሩ የጉልበት ሠራተኛ ያፈላልጋል፣ ለስንቅና ለደመወዝ ገንዘብ ያሰናዳል፣ ሰማዩንም ያያል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚደርሰውም በዚሁ ወቅት ነው። የ2015፣ የ2016 እና የ2017 ዓ.ም ፈተናዎች ውጤት ይፋ የተደረገው ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ባሉት ሳምንታት ነው። ውጤቱ ከግማሽ በታች ኾኖ የመጣበት ቤተሰብ ታዲያ በአንድ በኩል አጨዳውን፣ በሌላ በኩል "ልጁ እንደገና ይፈተን ወይስ ሌላ መንገድ ይያዝ?" የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይከርማል። በችኮላና በሐፍረት መካከል የሚወሰን ውሳኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሌት ይጎድለዋል።

በቅድሚያ ሐፍረቱን ከጉዳዩ መለየት ያስፈልጋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም የፈተና ዘመን ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው። በዚያ ዙር ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ ነበሩ፤ 3 ነጥብ 3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ኾኗል። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚኾኑት አላለፉም። ስለዚህ ያላለፈ ልጅ ከጎረቤት ልጅ የተለየ ጥፋት አልሠራም። ይኸው ቁጥር ግን ሌላም ነገር ይናገራል፤ ዝግጅቱን ሳይለውጥ "ዘንድሮ ይቀናኝ ይኾናል" ብሎ የሚመለስ ተፈታኝ በዕድል ላይ ብቻ ነው የሚቆመው።

የድጋሚ ፈተና ዋጋ በየሀገሩና በየፈተናው ይለያያል። በልዩ ልዩ ሀገራት የሚገኙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ የሚጠቀሙበት "ጂማት" የተሰኘው ፈተና ከ16 ቀናት በኋላ ሊደገም ይችላል፤ በ12 ወራት ውስጥም እስከ አምስት ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል። በዚያ ፈተና መድገም የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ነው። በሀገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን መድገም ማለት አንድ ሙሉ ዓመት ማለት ነው። ለአብርሃ ጅራ አርሶ አደር ያ ዓመት አንድ የእርሻ ወቅት፣ የአንድ ወጣት ሙሉ ጉልበትና የቤተሰቡ ወጪ ነው። ጥያቄውም "ልጁ ይችላል ወይስ አይችልም?" ከሚለው ይልቅ "ይህ ዓመት ካለፈው በምን ይለያል?" የሚለው መኾን አለበት።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው በውጤት መግለጫው ላይ ነው። ብዙ ቤተሰብ ድምሩን ብቻ ያያል፤ ቁም ነገሩ ግን በየትምህርት ዓይነቱ ያለው ነጥብ ነው። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ኢኮኖሚክስ ለማጥናት አስቦ በማኅበራዊ ሳይንስ የተፈተነ ተማሪን እንውሰድ። የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ነው፤ ድምሩ ከ600 ይታሰባል፣ ማለፊያውም 300 ነው። ይህ ተማሪ በእንግሊዝኛ 38፣ በሒሳብ 27፣ በአፕቲትዩድ 45፣ በጂኦግራፊ 52፣ በታሪክ 48፣ በኢኮኖሚክስ 42 አመጣ እንበል። ድምሩ 252 ነው፤ የጎደለው 48 ነጥብ ነው።

ፈተናው የምርጫ ጥያቄ መኾኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ አንድም ገጽ ያላነበበ ሰው በግምት ብቻ ቢያጠቁር በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ስለዚህ የተማሪው የሒሳብ 27 ውጤት "ትንሽ ያውቃል" ማለት አይደለም፤ ከግምት ያልተለየ ነው። ደስ የማይል እውነት ቢኾንም ተስፋ የሚሰጥ ገጽታም አለው፤ ከዜሮ የተጀመረ ትምህርት በአንድ ዓመት ከፍ ሊል የሚችልበት ቦታ ሰፊ ነው። ይህ ተማሪ በሒሳብ 13፣ በእንግሊዝኛና በኢኮኖሚክስ 12፣ 12፣ በአፕቲትዩድ 11 ነጥብ ቢጨምር 300 ይሞላል። ሥራው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በቁጥር የሚታወቅ፣ በየወሩ ሊከፋፈል የሚችል ሥራ ነው።

በስድስቱም የትምህርት ዓይነቶች 29 እና 31 እያመጣ ድምሩ 180 ላይ የቆመ ተማሪ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። የጎደለው 120 ነጥብ ነው፣ የሚደገፍበት አንድ ጠንካራ ትምህርትም የለውም። ችግሩ የ12ኛ ክፍል ሳይኾን ከ9ኛ ክፍል ወይም ከዚያም በፊት የተጀመረ ሊኾን ይችላል። እንዲህ ያለው ተማሪ በአንድ ዓመት ሁሉን ይሸፍናል ብሎ መጠበቅ ለልጁም ለወላጅም ጭካኔ ነው። ምክንያቱ ሲታወቅ ግን ፍርዱ ሊለወጥ ይችላል። በክልሉ በነበረው የጸጥታ ችግር ትምህርቱ ለወራት የተቋረጠበት፣ ምዕራፎችን ሳይማር የተፈተነ ልጅ ዝቅተኛ ነጥብ ያልተማረውን እንጂ የማይችለውን አያሳይም። ለእርሱ ድጋሚ ፈተና ያልተሰጠውን የትምህርት ጊዜ ማካካሻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የማካካሻ ትምህርት ወይም በተለምዶ "ሪሚዲያል" የሚባለው መርሐ ግብር ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ 50 በመቶ ባያመጡም የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ፣ ሲያጠናቅቁም ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጡ የመደበኛው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንዲኾኑ ሲደረግ ቆይቷል። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ የሚወሰን ሲኾን ለሴቶችና ለልዩ ልዩ የተማሪ ክፍሎች የተለያየ ነው። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ በገባበት ነጥብ ዘንድሮም ይገባል ማለት አይቻልም።

መቁረጫው የደረሰለት ተማሪ ግን ምርጫው ብዙ ማሰላሰል አይጠይቅም። በሪሚዲያሉ መምህር አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመደበም ማደሪያና ምግብ አለ። ይህን ትቶ "በራሴ አንብቤ ከፍ ያለ ነጥብ አመጣለሁ" ብሎ ቤት መቅረት በእጅ ያለን እህል በትኖ ዝናብ እንደመጠበቅ ነው። የመቁረጫ ነጥቡ መግለጫ ሳይወጣ ወደ ሌላ ከተማ ቤት ለመከራየት መቸኮልም ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ሌላ ስሕተትም በየዓመቱ ይታያል። ከግማሽ በላይ ያመጡ አንዳንድ ተማሪዎች "በዚህ ነጥብ ቢዝነስ አይደርሰኝም" በሚል ስጋት ፈተናውን ለመድገም ያስባሉ። ነገር ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ ሲኾን በዩኒቨርሲቲው የሚያስመዘግበው ውጤት ትልቅ ክብደት አለው። አካውንቲንግ የሚፈልግ ተማሪ አንድ ዓመት አቃጥሎ ነጥብ ከሚጨምር ይልቅ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ቢበረታ ወደ ፍላጎቱ የበለጠ ይቀርባል።

ከግማሽ በታች ላለውና ሪሚዲያል ላልደረሰው ተማሪ የሚቀረው ጥያቄ የጊዜ ነው። የቆላው የሥራ ዘመንና የፈተናው ዘመን በሁለት ቦታ ይጋጫሉ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ፈተናዎች የተሰጡት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም በአካባቢው ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበትና አረም የሚጀመርበት ወቅት ነው። ሁለተኛው ግጭት የመስከረምና የጥቅምት አጨዳ ነው። ነዶው ታስሮ፣ ቆሞ ደርቆ እስኪራገፍ ድረስ ከቤተሰቡ አንድም ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። "ልጁ ከዛሬ ጀምሮ ከመጽሐፉ አይነሣም" የሚል ውሳኔ መስከረም ላይ ቢወሰንም አይጸናም፤ ሳይጸና ሲቀርም ልጁ ገና ከጅምሩ የተሸነፈ ይመስለዋል።

በሐቅ ከታሰበ የቆላ ተፈታኝ የንባብ ዓመት የሚጀምረው ምርቱ ከገባ በኋላ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ግንቦት መጨረሻ ስድስት ወር አለ። ከዚህም ውስጥ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የአካባቢው የሙቀት ከፍታ ነው፤ በመተማና በአርማጭሆ ቆላ ቀትር ላይ ተቀምጦ ሒሳብ መሥራት ከእርሻ ሥራ አያንስም። ንጋት ላይና ምሽት ላይ የሚነበብበት ሰዓት አስቀድሞ ካልተወሰነ ስድስቱ ወር ሦስት ይኾናል። ከባዱን ትምህርት፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ሒሳብንና እንግሊዝኛን፣ በታኅሣሥና በጥር ቀዝቀዝ ባለው ጊዜ መጀመር ይበጃል።

ቤተሰብም ግዴታ አለበት። የሚደግም ልጅ ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ስለሚታይ ውኃው፣ ከብቱ፣ ሱቁ፣ እንግዳው ሁሉ የእርሱ ይኾናል። በሴት ልጅ ላይ ደግሞ ይህ እጥፍ ነው። የቤት ሥራው ወደ እርሷ ይመጣል፣ ዘመድም "ከትምህርቱ ከቀረች ትዳር ትያዝ" ማለት ይጀምራል። አባትና እናት ልጃቸው እንድትደግም ከወሰኑ የንባብ ሰዓቷን እንደ ትምህርት ቤት ሰዓት ቆጥረው ማስከበር፣ ለዘመድ ጥያቄም እነርሱ ራሳቸው መልስ መስጠት ይኖርባቸዋል። ይህን ማድረግ የማይችል ቤተሰብ "ድገሚ" ማለቱ ዓመቷን መውሰድ ብቻ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ ወደ ጎንደር ልኮ ቤት ተከራይቶ ማጠናከሪያ ትምህርት ማስተማር የግድ አይደለም። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት በስልክ ሊወርዱና ሊነበቡ ይችላሉ፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችም ከተማሪ ወደ ተማሪ ይዘዋወራሉ። ለልጁ ከሁሉ የሚጠቅመው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የተሳሳተውን የሚያይለት የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ይህም በአብርሃ ጅራ ከተማ ውስጥ ከአንድ መምህር ጋር በመነጋገር፣ ሦስት አራት ተማሪዎች ተባብረው በመክፈል ሊገኝ ይችላል። ልጁን ብቻውን ከተማ መስደድ ውጤቱ የተሻለ ይኾናል የሚለው እምነት ከልማድ የመጣ እንጂ ሁልጊዜ የሚሠራ አይደለም።

ስሌቱ "አይደገም" የሚል መልስ ከሰጠ ቴክኒክና ሙያ አለ። ቢዝነስ የፈለገ ወጣት የሒሳብ አያያዝን በደረጃ ተምሮ ሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ወይም በራሱ ሱቅ ሊሠራ ይችላል። በንግድ በምትተዳደር የድንበር አካባቢ ከተማ መዝገብ በትክክል የሚይዝ ሰው ሥራ አያጣም። የግል ኮሌጅ ግን ማምለጫ አይደለም፤ በዲግሪ መርሐ ግብር ለመማር በግል ተቋማትም የሚጠየቀው የመግቢያ መስፈርት ያው ነውና "ነጥብ አያስፈልግም" የሚል ማስታወቂያ ሲታይ ከመክፈል በፊት የትምህርት ጽሕፈት ቤትን መጠየቅ ይገባል።

በነገራችን ላይ በከተማዋ የሚገኙ መምህራን፣ የባንክና የመንግሥት ሠራተኞች ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ለምሳሌ ለቢዝነስ አስተዳደር፣ የሚቀመጡበት ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከዚህ ይለያል። ይህ ፈተና በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሲሰጥ ስለቆየ መድገም የአንድ ዓመት ዋጋ አያስከፍልም፤ ሥራ ሳይለቁም ሊዘጋጁበት ይቻላል።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ እንደገና ለመቀመጥ ከወሰነ በግል ተፈታኝነት መመዝገብ ይኖርበታል። የምዝገባ ጊዜው አጭር ነው፤ በእርሻ ላይ የከረመ ወጣት ሳያውቀው ሊያልፈው ይችላል። ከምርት ስብሰባው በኋላ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም በቀድሞ ትምህርት ቤቱ በኩል የምዝገባውን ቀንና ክፍያ መጠየቅ፣ ስሙ ባለፈው መግለጫ ላይ ከነበረው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ መኾኑን ማረጋገጥ አለበት። የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ስለነበረ ፈተናው ከየትኞቹ ክፍሎች መጻሕፍት እንደሚወጣም አብሮ ይጠይቅ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር መፈተን በመጀመሩም በወረቀት ብቻ የተለማመደ ልጅ ከፈተናው በፊት ጥቂት ቀናት እንኳ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ ጥያቄውን ከማንበብ በፊት መዳፊቱን በመፈለግ የሚያጠፋውን ጊዜ ያተርፋል።