ጨጓራን የሚጠብቀው ከምን ነው?

በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ባለው የጣራ ገዳም ደን ዙሪያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ነዋሪው ለመድኃኒትነት የሚጠቀምባቸውን ከ150 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች መዝግቧል። እንዲህ ያለ ዕፅ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት አንድ ቁጥር ነው፤ በአይጥ ላይ የጨጓራ ቁስለትን በመቶ ይህን ያህል ቀነሰ ይባላል። ቁስሉ በምን እንደመጣ ካልተጠየቀ ግን ቁጥሩ ብዙም አይናገርም። ጨጓራ የሚቆስለው ወይ አሲዱ ሲበረታ፣ ወይ ግድግዳውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽና የደም ዝውውሩ ሲዳከም ነው። አንዱን የሚገታ መድኃኒት ሌላውን ላያግዝ ይችላል።

ስለዚህ ተመራማሪ ቁስሉን በተለያየ መንገድ ያመጣል። በአንደኛው የተራበ አይጥ በማደንዘዣ ተኝቶ የጨጓራው መውጫ ይታሰራል፤ አሲዱ ለሰዓታት ተጠራቅሞ ጨጓራውን ያቆስላል። እዚህ አሲድ የሚቀንስ ሁሉ ጥሩ ውጤት ያሳያል። በሌላው ንጹህ አልኮል በአፍ ይሰጣል። አልኮሉ ሽፋኑን በቀጥታ ስለሚልጠው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀያይ ሰንበሮች ይታያሉ፤ አሲድ መቀነስ ብቻውንም ብዙ አያድንም። ተመራማሪው አንድሬ ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1979 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ አሲዱን በማይነካ አነስተኛ መጠን የተሰጠ ፕሮስታግላንዲን፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ንጥረ ነገር፣ የአይጥን ጨጓራ ከአልኮል፣ ከፈላ ውሃም ሳይቀር ጠበቀ። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራ የሚጎዱት በዋናነት ሰውነት ይህንኑ ንጥረ ነገር እንዳያመርት ስለሚከለክሉ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ቀረጥ በተባለው ዕፅ ቅጠል ላይ ያሳተሙት ጥናት ሁለቱንም መንገድ ተጠቅሟል። በኪሎ 400 ሚሊግራም የተሰጠው የቅጠሉ ተዋጽኦ በሁለቱም ቁስለቱን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ለእኔ ክብደት ያለው የአልኮሉ ውጤት ነው፤ ቅጠሉ አሲድ ከመቀነስ ያለፈ ሥራ እንዳለው የሚጠቁመው እሱ ነውና። ምናልባት ይህን የሚሠራው ታኒን የተባለው የዕፅ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ ቆዳ እንደሚለፋበት ሁሉ፣ የግድግዳውን የላይኛ ፕሮቲን አጠንክሮ ይከልል ይሆናል። ይህ ግን ገና ግምት ነው።

የአይጥ ጨጓራ የሰው አይደለም የሚል ሰው እውነት አለው፤ እንዲያውም መውጫው ሲታሰር ቁስሉ የሚበዛው የሰው ጨጓራ በሌለው የፊተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በሰው ላይ ዋነኛው የቁስለት ምክንያት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ባክቴሪያ፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው፤ በእነዚህ ሙከራዎች ግን የለም። መድኃኒቱም የሚሰጠው ከጉዳቱ በፊት ነው፤ በሽተኛ ግን የሚመጣው ከቆሰለ በኋላ ነው። ለዚህ በአሴቲክ አሲድ የሚፈጠርና ለሳምንታት የሚቆይ ቁስል ያስፈልጋል። ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ለምን በአይጥ እንፈትን ለሚል ደግሞ መልሱ መጠኑ ነው። በኪሎ 400 ሚሊግራም በተለመደው ስሌት በ6 ገደማ ተካፍሎ ወደ ሰው ሲመለስ፣ ለ60 ኪሎ ሰው 4 ግራም የሚጠጋ ደረቅ ተዋጽኦ በቀን ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ጭብጥ ቅጠል ስንት እንደሚወጣ፣ ለወራት ሲወሰድ ጉበትና ኩላሊት ምን እንደሚሆኑ መለካትን ይጠይቃል።