አዲስ ኮምፒውተር ላይ «ሰቨን ጫንልኝ» ሲባል

አዲስ ኮምፒውተር አስገጣጥሞ «ዊንዶውስ ሰቨን ጫንልኝ» የሚል ደንበኛ ዛሬም አለ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል፤ ሰውየውን ዘመን እንዳለፈበት ይቆጥሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከጥያቄው ጀርባ ብዙውን ጊዜ የዓመታት ሥራ አለ። ያንን ሥራ ከነሙሉ አካሉ ወደ አዲሱ ማሽን ማሻገር የእኛ ግዴታ ነው።

መጀመሪያ ጭነቱ ለምን እንደሚያስቸግር ላስረዳ። ዊንዶውስ 7 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ነው። ዩኤስቢ 3 ያኔ ገና አልተስፋፋም፤ የዛሬዎቹ ፈጣን ኤስኤስዲዎች የሚሠሩበት ኤንቪኤምኢ የተባለው ደረጃም የወጣው በ2011 ነው። ስለዚህ የመጫኛ ዲስኩ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ኢንቴል ደግሞ በ2015 ከስድስተኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ጋር ባወጣቸው ቺፕሴቶች ላይ የድሮውን የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያ አስቀረው።

ውጤቱን ማንኛውም ቴክኒሺያን ያውቀዋል። ፍላሹ ይነሳል፤ ቋንቋ የሚመረጥበት ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ ማውሱም ኪቦርዱም ቀጥ ይላሉ። ባዮስ ውስጥ ደህና ሲሠራ የነበረ ኪቦርድ ስለሆነ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። ኪቦርዱ ግን ጤነኛ ነው። መጫኛው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሠፈሩ ተመልሶ የድሮውን መታጠፊያ በአዲሱ ሰፊ መንገድ ላይ እንደሚፈልግ ሰው ሆኗል። ይህ ታልፎ እንኳ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ኤስኤስዲው ላይታይ ይችላል።

መፍትሔ አለው። የዩኤስቢ 3 እና የኤንቪኤምኢ ድራይቨሮችን አስቀድሞ የመጫኛ ፍላሹ ውስጥ መክተት፣ ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት፣ ሲኤስኤም የተባለውን የድሮ አነሳስ ማብራት ነው። ሆኖም አዳዲስ ማዘርቦርዶች ሲኤስኤምን እየተዉት ነው። ለአዳዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብሮ ገጠም ግራፊክስም ኩባንያው ለዊንዶውስ 7 ድራይቨር አላዘጋጀም። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2016 መጀመሪያ ላይ ከዚያ በኋላ የሚወጡ ፕሮሰሰሮች የሚደገፉት በአዲሱ ዊንዶውስ ብቻ እንደሆነ አስታውቋል። በሌላ አነጋገር፣ ጭነቱ ቢሳካም ማሽኑ ከነአቅሙ አይሠራም።

ከዚህ የሚከብደው ግን የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጃንዋሪ 14፣ 2020 አብቅቷል፤ ለድርጅቶች በክፍያ የተራዘመውም በጃንዋሪ 2023 ተዘግቷል። ክሮምም ከ109ኛው ስሪት በኋላ በዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ ከተጠቁት ኮምፒውተሮች እጅግ የሚበዙት ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ። ያኔ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዳው ሳይጭነው የቆየው ነው። ዛሬ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚጠበቅ ማሻሻያ የለም። የድርጅት ሒሳብ የያዘ ማሽንን እንዲህ አድርጎ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ለእኔ ጥፋት ነው።

ታዲያ ደንበኛውን ምን እንበለው? እኔ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ «ወንድሜ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ሰቨን ብቻ ጫንልኝ» ሲሉኝ፣ «እህቴ፣ ሰቨን ላይ ምን ይሠሩበታል?» አልኳቸው። «ፒችትሪ ነዋ! የድርጅቱ ሒሳብ በሙሉ እዚያ ነው» አሉኝ። ፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። የሚያስጨንቃቸው የዓመታት መዝገብ እንዳይጠፋባቸው ነበር።

እንዲህ ላለው ሥራ የምመርጠው መንገድ አዲሱን ዊንዶውስ ማሽኑ ላይ መጫን፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር በሚፈጥረው በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ደግሞ ፈቃድ ያለውን ዊንዶውስ 7 ማስገባት ነው። ቨርቹዋልቦክስ ለአሮጌው ዊንዶውስ የሚያሳየው በዘመኑ የሚያውቀውን ዓይነት ዲስክና ኪቦርድ ስለሆነ ከላይ ያነሳሁት የድራይቨር ጣጣ ሁሉ ይቀራል። የውስጡን ኔትወርክ አጠፋለሁ፤ ፒችትሪን ከነመዝገቡ እጭናለሁ፤ ባካፑ በየቀኑ ወደ ውጭ ዲስክ እንዲገለበጥ አደርጋለሁ። ኢሜይልና ኢንተርኔት በአዲሱ ዊንዶውስ ይሠራል።

አሮጌው ዊንዶውስ ጭራሽ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና ደብዳቤዎች አሏቸው። ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ የላቲን ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል፤ ሰውም አዲሱ ዊንዶውስ ፋይሉን ያበላሸው ይመስለዋል። ያንኑ ፎንት አዲሱ ማሽን ላይ መጫን ይበቃል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ሰነዶቹን ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ስለሆነ ለውጡ ዘግይቷል ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል፣ በአሮጌ ወደብና በአሮጌ ካርድ የሚታዘዝ የላቦራቶሪ ወይም የማተሚያ መሣሪያ ያለው ሰው አሮጌውን ኮምፒውተር እንዲይዝ እመክረዋለሁ። ዲስኩን ወደ አዲስ ሳታ ኤስኤስዲ እንዳለ መገልበጥና ማሽኑን ከኢንተርኔት መነጠል ዕድሜውን ያራዝምለታል።

ይህ ጉዳይ በሰቨን አያበቃም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፤ «ቴን ጫንልኝ» የሚለውን ጥያቄ ለዓመታት እንሰማዋለን። ስለዚህ ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ደንበኛው በየቀኑ የሚከፍተውን ፕሮግራም በስሙ ጻፉ፣ የመጫኛ ፋይሉንና ሲሪያል ቁጥሩን አስቀምጡ፣ ባካፑ በሌላ ማሽን ላይ በትክክል መከፈቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የትኛው ዊንዶውስ ይጫን የሚለው ከዚያ በኋላ ይወሰናል።