መውጣት የሚጠቅመው እንዴት ሲወጣ ነው? ከዋግ ዳገት እስከ ስፖርት መሣሪያ

ሰቆጣ፦ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አሥተዳደር ደጋማ ቀበሌዎች የሚኖር ሰው ዳገት ሳይወጣና ቁልቁለት ሳይወርድ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ወደ እርሻው፣ ወደ ምንጩ፣ ወደ ገበያውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያደርሰው መንገድ ተዳፋት ነው። በከተማ የሚኖረው የቢሮ ሠራተኛ፣ ነጋዴ ወይም ሹፌር ግን ከዚህ ዳገት እየራቀ መጥቷል። አጭሩን መንገድ በባጃጅ ይሄዳል፤ ቀሪውን ቀን ተቀምጦ ያሳልፋል። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ የራቀውን ዳገት መልሶ ለማግኘት ገንዘብ ከፍሎ በጂምናዚየም ውስጥ ባለ መሣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አለ።

ዳገቱም ኾነ መሣሪያው ለሰውነት የሚያደርጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የሚገዙበት ሕግም ተቀራራቢ ነው። በልክና በሥርዓት የወጣ ሰው ልቡንና ጡንቻውን ያጠነክራል። ያለ ልክ የወጣ ወይም የወረደ ደግሞ ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

ሙሉ ሰውነትን የሚያሠራው የመውጫ መሣሪያ መሰላል የመውጣትን እንቅስቃሴ የሚያስመስል ነው። በትንሹ ዘመም ብሎ የቆመ ምሰሶ፣ ሁለት የእጅ መያዣዎችና ሁለት የእግር መርገጫዎች አሉት። አንዱ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ሌላው ወደ ታች ይስባል፤ አንዱ እግር ሲገፋ ሌላው ይነሣል። ሰውዬው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ይወጣል።

ከሌሎች መሣሪያዎች የሚለየው በሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ እግር፣ ዳሌ፣ ጀርባ፣ ትከሻና ክንድ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ብዙ ጡንቻ አብሮ ሲሠራ ልብ ለሁሉም ደም ማድረስ ስላለበት ምቱ በፍጥነት ይጨምራል። በዚህም ምክንያት በሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚራመድ ሰው በዚህ መሣሪያ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊደክም ይችላል። ሁለተኛው ልዩነት መሣሪያው መውጣት እንጂ መውረድ የሌለው መኾኑ ነው። እግር ከመርገጫው ስለማይለይ መሬትን የመምታት ጫና አይደርስበትም።

እጅና እግርን አስተባብሮ መውጣት ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚሄድ ምእመን 15 ሜትር ገደማ የሚኾነውን ገደል የሚወጣው ከቆዳ በተሠራ ገመድ ነው። በክንዱ ብቻ ለመንጠልጠል የሞከረ ቶሎ ይዝላል፤ በእግሩ ዐለቱን እየገፋ በእጁ ሚዛኑን የሚጠብቅ ግን ይደርሳል። የመሣሪያውም ዋና ምሥጢር ይኸው ነው፤ እግር ይገፋል፣ እጅ ያግዛል።

መውጣት ለልብ የሚሰጠው ጥቅም

እንቅስቃሴ ለልብ ያለውን ጥቅም ካሳዩ ቀደምት ጥናቶች አንዱ በለንደን አውቶቡሶች ላይ የተደረገው ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1953 ባሳተሙት ጥናት የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ሹፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ደም ሥር ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ኾኖ ተገኘ። ሹፌሮቹ ገና ሥራ ሲጀምሩም ወፈር ያሉ እንደነበሩ ኋላ ስለታየ ልዩነቱ ሁሉ የደረጃው ውጤት ነው አይባልም። ኾኖም ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች እንቅስቃሴ ከልብ ሕመም፣ ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ እንደሚከላከል አረጋግጠዋል።

የዳገትን ክብደት በቁጥር ማየትም ይቻላል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 300 ሜትር ከፍታ ያለው ዳገት ሲወጣ ሰውነቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 42 ኪሎ ካሎሪ ገደማ የኾነ ሥራ ይሠራል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ ሩቡን ያህል በመኾኑ፣ ሰውነቱ ለዚህ 170 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። በጀርባዋ 20 ሊትር ውኃ ያዘለች ተመሳሳይ ክብደት ያላት እናት ደግሞ ለዚያው ዳገት ሲሶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ታወጣለች። ስለዚህ ውኃ ስትቀዳ ወይም እርከን ሲሠራ የሚውል ሰው ስፖርቱን በሥራው ላይ አግኝቶታል። ለእርሱ የሚያስፈልገው በቂ ምግብ፣ ዕረፍትና የጉልበትና የወገብ ጥንቃቄ እንጂ ተጨማሪ ድካም አይደለም።

ከመጀመር በፊት

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት፣ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰና ዕድሜው የገፋ ሰው እንዲሁም ነፍሰ ጡር በቅድሚያ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባቸዋል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ ስለኾነ፣ አለመታመም ብቻውን ማረጋገጫ አይኾንም፤ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል መለካት ያስፈልጋል። ልኬቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የኾነ ሰው ሕክምና አግኝቶ ግፊቱ እስኪወርድ ድረስ ከባድ እንቅስቃሴ አይጀምር።

ከፍታውም ሊታሰብበት ይገባል። ሰቆጣ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ከተከዜ ሸለቆ ቆላ ወይም ከውጭ ሀገር ወደ ደጋው የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝግ ብሎ መውጣት አለበት።

መሣሪያውን በአግባቡ መጠቀም

መሣሪያው ላይ ከመውጣት በፊት ለአምስት ደቂቃ ያህል በእግር በመራመድና ትከሻን በማዟዟር ሰውነትን ማሟሟቅ ያስፈልጋል። ጫማው የተዘጋና የማያንሸራትት ይኹን፤ ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ ገመድ ያለው ልብስ በመሣሪያው ሊያዝ ስለሚችል አስቀድሞ ይወገድ።

መርገጫው ክብደት ሲያርፍበት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ የማይንቀሳቀሰውን መደገፊያ በሁለት እጅ መያዝ፣ ከዚያ አንድ እግር አስገብቶ ማሰሪያውን ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ማስገባት ይገባል። ሲወረድም በዚሁ ጥንቃቄ ነው። ሲወጡና ሲወርዱ መውደቅ ሊያጋጥም ይችላል።

የእጅ መያዣው በትከሻ ቁመት አካባቢ ይስተካከል። ጀርባ ቀጥ ይበል፤ ዳሌ ወደ ኋላ አይንጠልጠል፤ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ በእግር ጣቶች አቅጣጫ ይሂድ፤ ሲዘረጋም ፈጽሞ እስኪቆለፍ አይገተር። መያዣውን አጥብቆ መጨበጥና ትንፋሽን መያዝ የደም ግፊትን ስለሚጨምር ጣቶች ላላ ብለው ይያዙ፤ ትንፋሽም ሳይቋረጥ ይውጣና ይግባ።

የጀማሪ እርምጃ አጭር ይኹን፤ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል። እርምጃው እየረዘመ የሚሄደው እጅና እግር መግባባት ሲጀምሩ ነው። ሲጨርሱ በድንገት መቆም ደም በእግር ላይ እንዲከማችና ራስ እንዲዞር ያደርጋል፤ ለሦስት ወይም ለአምስት ደቂቃ ፍጥነቱን እየቀነሱ መጨረስ ይገባል። ሕጻናት ያለ አዋቂ ወደ መሣሪያው አይቅረቡ።

ምን ያህል ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴን ይመክራል። በዚህ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲጨመር ያሳስባል። ይህ ግብ ነው እንጂ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ አይደለም።

ጀማሪ አንድ ደቂቃ ወጥቶ አንድ ደቂቃ በጣም ዝግ በማለት ይህን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ቢደግም በቂ ነው። በመካከሉ የዕረፍት ቀን እያደረገ በሳምንት ሦስት ቀን ይሥራ። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምር፤ ፍጥነትን የሚጨምረው ግን ደቂቃው ከተላመደው በኋላ ይኹን።

መጠንን ለማወቅ ቀላሉ መለኪያ ንግግር ነው። እየወጣ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል፣ ነገር ግን ማዜም የማይችል ሰው በመካከለኛ መጠን ላይ ነው። ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ካቃተው ጠንከር ወዳለው መጠን ገብቷል። የልብ ምትን መቁጠርም ይቻላል። ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ከፍተኛው ምት በግምት ይገኛል። ለ40 ዓመት ሰው 180 ይኾናል፤ መካከለኛው መጠንም በደቂቃ ከ115 እስከ 137 ነው። የእጅ ሥርን ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ይበቃል። የልብ ምትን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በንግግር መለኪያው ብቻ ይጠቀም።

መሣሪያ ለሌለው

እንዲህ ያለው መሣሪያ ውድ ነው፤ በአብዛኛው የሚገኘውም በትልልቅ ከተሞች ነው። በዋግ ግን ዳገቱ በደጅ አለ። የከተማ ነዋሪ በማለዳ አንድ የታወቀ ዳገት መርጦ በዚያው የአንድ ደቂቃ ሥርዓት ቢወጣ የእግሩንና የልቡን ድርሻ ያገኛል። ለክንድና ለትከሻ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ እጅን እያጠፉ መግፋት፣ በሁለት እጅ እኩል ውኃ የያዙ ትናንሽ ጀሪካኖችን ማንሣት ይበቃል። ያንኑ ዳገት በየወሩ በሰዓት መለካት ለውጡን ያሳያል።

በዳገት ላይ እርምጃ አጭር ይኹን፤ ሙሉ የእግር መርገጫ መሬት ይንካ። ወገብን ከማጉበጥ ይልቅ ሰውነትን ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ በትንሹ ወደ ፊት ማዘንበል ይሻላል። ቀጥ ብሎ ከመውጣት አህዮች እንደሚያደርጉት እየተጠማዘዙ መውጣት መንገዱን ቢያስረዝምም ድካሙን ያቀልላል። ሸክም የሚይዝ ሰው ጭነቱን ወደ ጀርባው አስጠግቶ ይሰር፤ በአንድ ጎን ከማንጠልጠልም ሁለት ቦታ ቢከፍለው ይመረጣል።

መሣሪያው የሌለው ዳገቱ ግን ያለው አንድ ነገር ቁልቁለት ነው። ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ስለሚያግት በማግስቱና በሁለተኛው ቀን የሚሰማው የጡንቻ ሕመም በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ጉልበትም ከመውጣት ይልቅ በመውረድ ይበልጥ ይጫናል። ስለዚህ ጉልበትን በትንሹ አጥፎ፣ በአጭር እርምጃ፣ ሳይሮጡ መውረድ፣ ዱላ ወይም ከዘራ መያዝና ሸክምን ማቅለል ይጠቅማል። የሚያንሸራትት ኮንጎ ጫማ በጠጠራማ ቁልቁለት ላይ አደገኛ ነው።

በጾም ወቅት

በጾም ላይ ያለ ሰው እንቅስቃሴውን ማቋረጥ አይገደድም፤ መጠኑን ግን ይቀንስ። ከባድ እንቅስቃሴ ለማድረግ የሚመቸው ከመግደፊያው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ምግብ ከተፈጨ በኋላ ነው፤ ያኔ ውኃና ምግብ በቅርብ ይገኛል። ለስኳር በሽታ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ቢንቀሳቀስ ስኳሩ በአደገኛ ኹኔታ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክር። ድርቅ ባጠቃው ዘመን በቂ ምግብ ያላገኘ ሰው ደግሞ ያለውን ጉልበት ለዕለት ሥራው ይቆጥብ።

ወዲያውኑ ማቆም የሚገባው መቼ ነው?

በመሣሪያም ኾነ በዳገት ላይ ደረት ላይ የመጫን ወይም የመጨምደድ ስሜት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን የመሳት ስሜት ወይም አርፈው የማይተው የትንፋሽ እጥረት ከተሰማ ወዲያውኑ ማቆምና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ካልተለመደ ከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረም ጡንቻ ተጎድቶ ኩላሊትን ሊያውክ መኾኑን ስለሚያመለክት ሐኪም ያሻል። መገጣጠሚያ ሲያብጥ ወይም ሕመሙ ከሳምንት በላይ ሲቆይ “ሲሄዱ ይለቃል” ብሎ መቀጠል ጉዳቱን ያብሳል።

በአቅራቢያው ባለ ጤና ኬላ የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማማከር የመጀመሪያው እርምጃ ሊኾን ይችላል። ግፊቱን ተለክቶ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ወጥቶ፣ በማግስቱ ያለ ሕመም የተነሣ ሰው በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው።