ሊኑክስን በአግባቡ ማጥፋት ለምን ያስፈልጋል?

ባለፈው ሴሚስተር ከአባያ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ጋር ያደረግኩትን ቃለ ምልልስ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ጽፌ «ሴቭ» አደረግኩት። ወደ ሲቀላ የሚሄድ ባጃጅ ይጠብቀኝ ስለነበር ቸኩዬ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀልኩት። በማግስቱ ፋይሉን ስከፍተው ባዶ!

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሴቭ» ስንል ጽሑፉ ወዲያው ዲስክ ላይ የሚያርፍ ይመስለናል። ዲስክ ግን ከሜሞሪ ጋር ሲወዳደር ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ሜሞሪ ውስጥ ይዞ ይቆይና በኋላ፣ አንዳንዴም 30 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ፣ ወደ ዲስክ ይገለብጠዋል። ሜሞሪ ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይረሳል።

ሌላው ጉዳት በፋይል ሲስተሙ ላይ ይደርሳል። ፋይል ሲስተም የትኛው ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ነው። መዝገቡ በግማሽ ተጽፎ ከተቋረጠ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሊኑክስ ውስጥ የገባው ኤክስት3 ለዚህ መላ አመጣ፤ ስሙም ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው፦ ጆርናል። እንደ ሪፖርተር ማስታወሻ ደብተር ማለት ነው። ሲስተሙ ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ በቅድሚያ እዚያ ያሰፍራል፤ ሥራው ከተቋረጠም ከዚያው አንብቦ ያስተካክላል።

«ታዲያ ጆርናል ካለ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ኤክስት3ም ሆነ ተከታዩ ኤክስት4 በተለመደው አሠራራቸው ጆርናሉ ላይ የሚያሰፍሩት የመዝገቡን ለውጥ እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም። መዝገቡ ይተርፋል፣ ጽሑፋችን ይጠፋል። የእኔም ዕጣ ይኸው ነበር።

በአግባቡ «ሻት ዳውን» ስናደርግ ግን ሲስተሙ ፕሮግራሞቹን «ጨርሱ» ይላቸዋል፤ እምቢ ያሉትን በግድ ይዘጋል፤ ሜሞሪ ውስጥ የቀረውን ዲስክ ላይ ያራግፋል፤ ፋይል ሲስተሙን «አንማውንት» ያደርጋል፤ በመጨረሻም ኃይሉን ያጠፋል።

ማሽኑ ድርቅ ቢልስ? «አልት» እና «ሲስ አር ኪው»ን (ብዙ ጊዜ ከ«ፕሪንት ስክሪን» ጋር አንድ ቁልፍ ነው) ይዞ «ኤስ»፣ «ዩ»፣ «ቢ»ን በየተራ ረጋ ብሎ መጫን ነው። የመጀመሪያው ሜሞሪውን ያራግፋል፣ ሁለተኛው ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው ማሽኑን እንደገና ያስነሳል። ይህ አገልግሎት የተዘጋባቸው ሲስተሞችም አሉ።

መብራት ሳይነግረን እልም ሲልም ዩፒኤስ ያለን ሰዎች እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ዜናችንን ለመቀጠል ሳይሆን ኮምፒውተሩን ለማጥፋት እንጠቀምባቸው።

እኔ ለቃለ ምልልሱ ሁለተኛ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ብዙ ያጫወቱኝ ሽማግሌ ግን ጀልባቸውን ይዘው ወጥተው አላገኘኋቸውም።