አንቴናዋን ይዘህ ቁም

ልጅ እያለሁ የቤታችን ሬዲዮ ግማሽ አንቴና እኔ ነበርኩ። አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ዜና ሲያዳምጥ ጣቢያው መሸሽ ከጀመረ «ና እስቲ፣ አንቴናዋን ያዝልኝ» ይለኛል። ስይዛት ድምፁ ይጠራል። ለቅቄ ዞር ስል ሿ! «አትነቃነቅ አላልኩህም?»

ያኔ ያስቆጣን የነበረው የሰውነት ረብሻ ዛሬ ሆን ተብሎ ይለካል። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል፣ ያነጥራልም። ለምሳሌ ከዋይፋይ ራውተር የወጣው ሞገድ ስልካችሁ ጋ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ቀጥታ የመጣ አለ፣ ግድግዳ ላይ ነጥሮ የመጣ አለ፣ እናንተው ላይ ነጥሮ የመጣም አለ። ሲገናኙ ወይ ይደጋገፋሉ ወይ ይጠፋፋሉ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንደኛው መንገድ በ6 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ የተደጋገፉት መጠፋፋት ይጀምራሉ። ለዚህ ወንበር ላይ ዘንበል ማለት ይበቃል።

ሰሞኑን ሞከርኩት። ራውተሩ ሳሎን፣ ስልኬ መኝታ ቤት፤ የሲግናል ጉልበት የሚያሳይ አፕ ከፈትኩ። ቤቱ ጸጥ ሲል ቁጥሩ -54 አካባቢ ቆመ። እህቴ በመሃል ስታልፍ ወደ -61 ወረደ። «ምን ያስፈጥጥሃል?» አለችኝ።

ግን ቁጥሩ እሷ መሆኗን አልነገረኝም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የሚዞሩትን «ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ሰው በስልክዎ ይዩ» የሚሉ አፖች አትጫኑ። አፕ የሚያገኘው ያንን አንድ ቁጥር ነው። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ዝርዝሩን፣ ማለትም ዋይፋዩ የተከፋፈለባቸው በርካታ ቀጫጭን ፍሪኩዌንሲዎች እያንዳንዳቸው እንዴት እንደደረሱ ነው። እሱን የስልኩ ዋይፋይ ቺፕ ያውቀዋል፤ ለአፕ ግን አይሰጥም። የጀርመኑ ዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዝርዝሩን ኔክሰስ 5 ስልክ ላይ ያወጡት የቺፑን ሶፍትዌር ነካክተው ነው። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ፒክስል 4 ስልኩ ውስጥ እውነተኛ ራዳር ከተተ፤ በ60 ጊጋኸርዝ፣ እጅ ሲወዛወዝ ዘፈን የሚቀይር። ፒክስል 5 ላይ ተወው። እኔም ብሆን እተወው ነበር፤ ለዘፈን መቀየሪያ ጣት አለ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አቀረቡ። ከቤት ውጭ እንዲህ ሶፍትዌሩ የተነካካ ተራ ስልክ የያዘ ሰው የዋይፋዩን ፓስወርድ ሳይሰብር፣ አንድም ፓኬት ሳይልክ፣ ሞገዱ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ እያዳመጠ የትኛው ክፍል ውስጥ እንቅስቃሴ እንዳለ መለየት ይችላል። ፓስወርድ የሚሸፍነው መልእክቱን ነው። ሞገዱ ራሱ ግድግዳ አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ሰውነታችን የነካካውን ይዞ። መፍትሔ ብለው ካቀረቡት አንዱ ራውተሩ የውሸት ሲግናል እየቀላቀለ አድማጩን እንዲያደናግር ማድረግ ነው።

የኔ ራውተር ያን አይችልም። ከመንገድ ዳሩ መስኮት አንስቼ ኮሪደር ላይ አስቀመጥኩት። ከትናንት ጀምሮ እህቴ ኔትወርኩ ለምን እንደደከመ እየጠየቀችኝ ነው።