የመምህሩ ድምፅ እስከ ደጋው ይዝለቅ

በጎንደር ምድር ዕውቀት ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። የአቋቋም ትምህርት መመስከሪያ በሆነችው በጎንደር በአታ ደቀ መዝሙሩ የሚማረው የመምህሩን ዜማ እየሰማ፣ የሰማውን እየደጋገመ፣ ሲሳሳትም እየታረመ ነው። አንድ ጊዜ ሰምቶ ማለፍ በዚያ ጉባኤ ዘንድ ትምህርት አይባልም።

ይህን የምናነሣው የዩኒቨርሲቲ መምህራን በፖድካስት ስለማስተማራቸው የሚነሣው ጥያቄ በመሠረቱ አዲስ አለመሆኑን ለማስገንዘብ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣለት ፖድካስት፣ ተቀርጾ የሚቀመጥና አድማጩ በሚመቸው ሰዓት የሚያዳምጠው የድምፅ ዝግጅት ነው። የእንግሊዝ ክፍት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አስተምሯል። በአገራችንም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሬዲዮ ታግዟል። ይሁን እንጂ ሬዲዮ በሰዓቱ ያልተገኘውን አድማጭ ጥሎት ያልፋል፤ ፖድካስት ግን ይጠብቀዋል።

ይህ ልዩነት ለጎንደር ከፍተኛ ትርጉም አለው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲመሠረት ዓላማው የጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ለገጠሩ ሕዝብ ማድረስ ነበር። ተማሪው ለተግባር ልምምድ ከከተማ ሲወጣ የመማሪያ ክፍሉ አይከተለውም፤ በደብተሩ ያላሰፈረው ማብራሪያም ከኋላው ይቀራል። በስልኩ የያዘው የመምህሩ ድምፅ ግን ዳባትንና ደባርቅን አልፎ የሊማሊሞን ቁልቁለት አብሮት ይወርዳል።

ሆኖም አንድ ዐቢይ ጉዳይ ሊሰመርበት ይገባል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ኔትወርክ ለማይደርስበት ቀበሌ ልጅ ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት ተደቅኖ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም ይኸው ጥያቄ ከከተማ እስከ ገጠር ሁሉንም አዳረሰ። እንግዲህ ፖድካስት ኔትወርክ ያለውን ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ላለው መጨመር፣ ለሌለው መንፈግ ይሆናል።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። በመጠነኛ ጥራት የተቀረጸ የግማሽ ሰዓት ንግግር 15 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ ነው። ሠላሳ እንዲህ ያሉ ትምህርቶች ተደምረው ግማሽ ጊጋባይት አይሞሉም፤ አንዲት አነስተኛ ሚሞሪ ካርድ ትበቃቸዋለች። ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ ጭኖ ቢሄድ፣ ከዚያም በብሉቱዝ ለጓደኛው ቢያካፍል፣ ትምህርቱ የኔትወርክ ጥገኛ መሆኑ ያከትማል።

በዚህ ረገድ ልንታገላቸው የሚገቡ ሁለት የተሳሳቱ አዝማሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ለዓመታት ሲነበብ የኖረን ማስታወሻ በማይክሮፎን ፊት ደግሞ ማንበብን እንደ አዲስ ዘዴ መቁጠር ነው። አሰልቺ ንግግር ስለተቀረጸ ብቻ አይጥምም። ሁለተኛው፣ ድምፁ ካለ መምህሩ አያስፈልግም የሚለው አስተሳሰብ ነው። ድምፅ ያስረዳል እንጂ ጥያቄ አይመልስም፤ የተሳሳተውንም አያርምም። ስለሆነም ተማሪው ገለጻውን አስቀድሞ አዳምጦ ሲመጣ የክፍሉ ጊዜ ለጥያቄ፣ ለክርክርና ለእርማት ሊውል ይገባል። እንዲሁም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች እንዳይገለሉ እያንዳንዱ ዝግጅት በጽሑፍ ጭምር መቅረብ አለበት።

የጥንቱ የጎንደር ጉባኤ ያስተማረን ቁም ነገር ሰምቶ መደጋገምና በመምህር ፊት ቀርቦ መታረም የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ነው። ፖድካስት የመጀመሪያውን ያቃልላል፤ ሁለተኛው ግን ዛሬም የመምህሩ ኃላፊነት ነው። መምህራኖቻችን ድምፃቸውን እስከ ደጋው ይላኩ፤ ተማሪው ጥያቄውን ይዞ ሲመለስም በራቸውን ክፍት አድርገው ይጠብቁት እንላለን።